ጨሞጋን የሚፈራ ሰው ባሕር አይዋኝም

ታዬ፣ የኔ ጌታ፤

ሙት እንደምን ነህ አይባል፤ እኛ ግን አለን። እልኸኛ ቶሎ አይሞትም ትል አልነበር? ጣሊያኖቹ እጅህን የፊጥኝ አስረው ከደብረ ማርቆሱ ምሽግ በካሚዮን ከጫኑህ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። በሰው ፊት አንቱ፣ በጓዳ አንተ እልህ ነበር። ከእንግዲህ ማንም ይስማ፣ አንተ ነው የምልህ። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴን ፊደል ሲያስቆጥሩኝ "ለሴት ልጅ ፊደል ምን ሊያደርግላት!" ያሏቸው ሁሉ ዛሬ ይህን ስጽፍ ባዩኝ።

ዳማ ፈረስህን የጣሊያን ሶላቶዎች ወሰዱት፣ ጠመንጃህንም። ያቺን አሮጊት በቅሎህን ብቻ ንቀው ተዉልን። የላይኛውን ማሳ ወንድምህ አርሶልን ጤፉ ደኅና ይዟል። ልጅህ ሙሉነሽ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ አገጯ ያንተ፣ ምላሷ የኔ ሆኗል። ለሚያገባት እግዜር ይሁነው።

አምና ከመስቀል በኋላ የእስረኛ ሚስቶችን ሁሉ ወደ ምሽጉ ጠሩን። ጣሊያኑ ሹም ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሥዕል አደለን። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ አንዲት ጀልባ። ባሎቻችሁ ያሉት እዚህ ደሴት ላይ ነው አለን አስተርጓሚው። ጠዋት ባሕር ይዋኛሉ፣ ቀን ከዘንባባው ጥላ ይጋደማሉ፣ ሲበርድላቸው ዛጎል ይለቅማሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ መንግሥት ለሽፍታ እንኳ እንዲህ ቸር ነው አለ። አንዷ ምስኪን ሥዕሉን ተቀብላ ሳመችው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

ታዬ ይዋኛል? ወንዛችን ጨሞጋ ገና ጉልበት ሳይሞላ የበቅሎዋን ጭራ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "እመቤቴ፣ እመቤቴ!" እያለ የሚሻገረው ታዬ? ሙሉነሽ ከኩፍኝ የተረፈች ጊዜ የጣና ደሴት ገዳም ልንሳለም ተስለን አልነበር? አንድ ዓመት በሬው ታመመ አልህ፣ አንድ ዓመት አጨዳው ዘገየ አልህ። ኋላ ታንኳው ከደንገል የሚሠራ መሆኑን ስትሰማ፣ "ሣር ላይ ተቀምጬ ባሕር አልገባም፤ አንቺ ተሳልመሽ ነይ፣ እኔ ዳር ቆሜ እጠብቅሻለሁ" አልህ። ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ። እንግዲህ እኒህ ሰዎች ይህን ባል ነው ዋናተኛ ያደረጉብኝ! ውሸታቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜውኑ ነው።

እውነቱን አብሮህ የታሰረው የደምበጫው ሰው አመጣው። ሳንባውን ሲታመም ለቀቁት። ዘንባባም ጥላም የለም አለ፤ ቀኑን ሙሉ በሐሩር ድንጋይ ትፈልጡ ነበር። ዙሪያው ውኃ ሆኖ የሚጠጣ ጠፍቶ ከንፈራችሁ ተሰነጣጠቀ። ዓሣ ሲወረውሩላችሁ ሁዳዴ ነው ብለህ አልነካ ማለትህን ሲነግረኝ፣ እንደ ልማድህ መሆኑን አውቄ አለቀስሁም ኮራሁም። ኋላ ንዳድ ጣለህ፤ አሸዋ አልብሰው ተዉህ። አንጀቴ ተቆረጠ፣ ታዬ።

መርዶው በተሰማ ማግስት ከምሽጉ ትእዛዝ መጣ። ደሴት ላይ ያለ ሰው አልሞተም፤ ሞተ ብሎ ለቅሶ የሚቀመጥ ይታሰራል ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ከመሞት መሰንበት፣ በሆድሽ ያዢው አለኝ። በሆዴ ከያዝሁትማ አንተ እዚያ ስትዋኝ ልትኖር አይደል? ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር፣ ዛጎል ስትለቅም! እምቢ አልሁ። ባሌን ሳላለቅስ ከምቀር ምላሴ ይቆረጥ።

አስከሬን በሌለበት የሟቹን ልብስና መሣሪያ በፈረሱ ጭኖ ለቅሶ ማውጣት ነው ወጋችን። ካንተ የቀረኝ ብል የበላው የሠርግህ በርኖስና ያቺ በቅሎ ነው። ቅዳሜ፣ ገበያተኛው በሚያልፍበት መንገድ ዳር በቅሎዋን ጭኜ በርኖሱን ኮርቻው ላይ ጣልሁት። የጣሊያኑን ሥዕል ደግሞ በእሾህ ደረቱ ላይ ሰካሁት። የታዬ መቃብር ይኸውላችሁ፣ ኑ አልቅሱለት ብዬ ጮኽሁ። ሰው መጀመሪያ ራቅ ብሎ ቆመ። የነፍስ አባትህ ጥላቸውን ዘርግተው መጡና ፍትሐቱን ጀመሩ። ከዚያማ ያቺ ምሽጉ ውስጥ ሥዕሉን የሳመችው ሴት ከገበያው መሐል ወጥታ የራሷን ከጉያዋ አወጣች። ሌላዋም አወጣች። ሁሉም እያነሡ ለሚያልፈው ሕዝብ ማሳየት ጀመሩ፤ ሜዳው በዋይታ ተናወጠ።

በነጋታው ባንዶቹ እያዳፉ ሹሙ ፊት አቀረቡኝ። ሥዕሉን መልሺ አለኝ፣ የመንግሥት ንብረት ነው አለ። ባሌን መልስና ሥዕልህን ውሰድ አልሁት። አስተርጓሚው ቃሌን ሳያጎድል ነገረው። ሹሙ ፊቱ ቀላ፣ ጠረጴዛውን ደበደበ። ከነሴቶቹ አሰሩን፣ ኋላም ለቀቁን። ቤቴን ገለባብጠው ፈተሹ፤ ሥዕሉን ግን አላገኙትም። የት እንዳለ ላንተም አልጽፍልህ፣ ደብዳቤው እጃቸው ቢገባስ? በሥዕሉ አሸዋ ላይ በከሰል መስቀል እንዳሰመርሁበት ብቻ እወቅ።

ጣሊያን ዛሬም ምሽጉ ላይ አለ፤ እኔም ከቤቴ ንቅንቅ አላልሁም። ዓመት በመጣ ቁጥር ሞተ እንዳልል የከለከሉኝን ያንተን ስም በቤተ ክርስቲያን አስጠራለሁ፤ ልጅህም ከኔ በኋላ ታስጠራለች። መኸሩ ሲገባ ስለታችንን ልናደርስ ነው። በቅሎዋን ጣና ዳር አስሬ፣ ሙሉነሽን ይዤ፣ ያን የፈራኸውን ሣር ላይ ተቀምጬ ባሕሩን እሻገራለሁ። አንተም እንዳልኸው ዳር ቆመህ ጠብቀኝ።

ሚስትህ
የሺ