አንድ አምፖል ለመቀየር ስለ መድፈሬ

ለተከበሩ የግቢያችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ካሉበት አንደኛ ፎቅ፣ ሰፊው በረንዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለእትዬ እና ለጉልበትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ማንሳቴ፣ እኛን ለመቆጣጠር ሲሉ ደረጃውን ስንት ጊዜ እንደሚወርዱና እንደሚወጡ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮቴ ስለማይ ነው። እኔ ከሕንፃው ሥር ባለችው ሱቅ ልብስ የምሰፋው፣ ግቢው በሙሉ «የአዋላጇ ባል» እያለ የሚጠራኝ ሰውዬ ነኝ። ዋናውን ስሜን ኮሚቴው በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ላይ ደጋግሞ ስለጻፈው እዚህ ማንሳቱ አያስፈልግም። ይህን ጽሑፍ በግል ከመስጠት ይልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ደግሞ፣ የእርስዎን መልካም ሥራ ብቻዬን ይዤው እንዳልቀር ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመኪናችን የፊት መብራት፣ በሹፌሩ በኩል ያለው፣ ተቃጠለ። ባለቤቴ ተረኛ ስትሆን ወደ ጤና ጣቢያው የምትሄደው ከመሸ በኋላ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የመንገድ መብራት የሚባል ነገር የለም። አንድ ዓይና መኪና በጨለማ ከሩቅ ሲታይ ሞተር ብስክሌት ይመስላል፤ ከፊት የሚመጣውም ሹፌር ለሞተር ብስክሌት የሚበቃ መንገድ ብቻ ትቶ ያልፋል። ስለዚህ አዲስ አምፖል ገዛሁና በእረፍት ቀኔ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራሴ የመኪና ማቆሚያ ላይ የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከፍቼ አጎነበስኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፊሽካው አመሰግናለሁ። ኮፈኑ ገና ከፍ ከማለቱ ዘበኛችን ፊሽካውን ሲነፋው በየፎቁ ያለው መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ ሕፃን ያስተኙ እናቶችም ስለ እኔ ምን ሲሉ እንደዋሉ እዚህ አልጽፈውም። ዘበኛውን አልወቅሰውም፤ «ጋሼ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው፣ የልጆች አባት ነኝ» ብሎኛል፣ እኔም ልጆቹን ያሳድግልህ ብዬዋለሁ። ደንቡ በግቢው ውስጥ ኮፈን መክፈትን የከለከለው ቀድሞ አንድ ተከራይ ሞተር አውርዶ ንጣፉን በዘይት ስላጨማለቀው እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ራስዎ ተንበርክከው ንጣፉን በሳሙና ሲፈትጉ አይቼ ከልቤ አዝኜ ነበር፤ ይህን የምለው ሳላሾፍ ነው። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ አምፖል ዘይት የለውም። ፊሽካውን ሰምተው ሲወርዱ ይህንኑ ለማስረዳት ሁለት ንጹሕ መዳፎቼን ዘርግቼ ባሳይዎት፣ እጄን ሰብስቤ በሥርዓት እንድቆም አዘዙኝ።

ሁለተኛ፣ «ከበር ውጭ ቀይረው» ስላሉኝ አባታዊ ምክር። ከበራችን ውጭ ያለው መንገድ ጠባብ ቁልቁለት መሆኑን፣ የጭነት መኪኖችም አጥራችንን እየታከኩ እንደሚንደረደሩበት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ስለ ጩኸታቸው ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጽፈዋልና። እንደ ትእዛዝዎ ወጥቼ፣ ፊቴን ወደ ሞተሩ፣ መቀመጫዬን ወደ ፈጣሪ ጥበቃ አድርጌ ሞከርኩት። አምፖሉ የሚገኘው ከባትሪው ጀርባ፣ የድመት ግልገል በጭንቅ በምታልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ነው። እጄ እስከ ክርኑ እዚያ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ መኪና ቢመጣ በየት በኩል መሸሽ እንዳለብኝ ግን ምክርዎ ሳያብራራው ቀርቷል። የመጀመሪያው የጭነት መኪና ሱሪዬን ነፋስ ሞልቶት ሲያልፍ፣ ክርኔን ልጬ አውጥቼ ወደ ግቢ ገባሁ። ጋራዥም ብወስደው መካኒኩ «አሳድረው» አለኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ በዚያው ምሽት ተረኛ ነበረች።

ሦስተኛ፣ አምፖሉን ኤግዚቢት ብላችሁ ስለ መያዛችሁ። የሸጠልኝ ሰው፣ መስታወቱን በባዶ ጣት እንዳልነካው፣ የጣት ወዝ ያረፈበት አምፖል ሲግል ብዙ እንደማይቆይ ነግሮኝ ነበር፤ ለዚሁ ብዬ ከሱቄ ንጹሕ የገበርዲን ቁራጭ ይዤ ነበር። ኮሚቴው ግን አምፖሉን ከእጄ ተቀብሎ ከምሳ በኋላ በእርስዎ ሳሎን ተሰብስቦ ማስረጃውን መረመረ። ገንዘብ ያዡ በጣቱ አሽከረከረው፣ ጸሐፊዋ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው፣ ጡረተኛው መቶ አለቃ አሸተቱት፤ ምን እንደሸተታቸው እስካሁን አልተገለጸልኝም። እትዬም ከማድ ቤት እጃቸውን ሳይታጠቡ ብቅ ብለው «ይቺ ናት እንዲህ ያተራመሰችን?» በማለት መስታወቱን ቆንጠጥ አድርገው ያዙት። እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ «ኧረ ጨርቅ! ኧረ በእግዜር በጨርቅ ያዙት!» ብዬ ብጮህ፣ ያለ ተራ በመናገር ተብዬ በቃለ ጉባኤ ተመዘገብኩ። አምፖሉ ሲመለስልኝ በቅባት ያብለጨልጭ ነበር። የቻልኩትን ያህል ወልውዬ፣ ባለቤቴ እረፍት የሆነች ዕለት ጋራዥ አሳድሬ አስገጠምኩት።

አራተኛ። አምፖሉ ጥቂት ምሽት አብርቶ፣ ባለቤቴ ቁልቁለቱን እየወረደች ሳለ ፈነዳ። ከፊቷ የመጣው የጭነት መኪና ሞተር ብስክሌት መስላው የእሷን ግማሽ መንገድ ይዞ መጣ። መሪውን ወደ ቦዩ ጠምዝዛ ተረፈች፤ የጭነት መኪናው ግን የጎን መስታወቷን ገጭቶ ይዞት ሄደ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ደርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት በሰላም አገላግላ፣ ጠዋት ቤት ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «አንተ ፍታልኝ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ፈሪ ሰው አይደለሁም፤ ያን ጠዋት ግን ፈራሁ። እሷ ከወጣች በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። በዚህ ተራ ቁጥር ሥር የማቀርበው ምስጋና የለኝም።

አምስተኛ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ሳመለክት ኮሚቴው በማኅተም አስደግፎ «ባለቤትዎ የቀን ተረኛ ቢሆኑ ችግሩ ይቀረፋል» የሚል መልስ ሰጥቶኛል። እንዴት ያለ አስተዋይነት ነው! እኛ ባልና ሚስት ይህን ያህል ዘመን ስንኖር አልታየንም ነበር። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ገና ያልተወለዱት ሕፃናት ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዳይመጡ ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍላቸው ነው፤ እንደ እኔም የማይሰሙ ከሆነ ዘበኛውን ከነፊሽካው ይላክባቸው።

እንግዲህ የምለምነው ጥቂት ነው። ደንቡ ላይ አንዲት መስመር ጨምራችሁ፣ አምፖል ለመቀየርና ውኃ ለመሙላት ኮፈን መክፈትን ፍቀዱልን። ከፈለጋችሁ ከሥሩ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጥፋለሁ፣ ከፈለጋችሁም ሌላ አምስት ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ፤ ኮፈን በተከፈተበት ሁሉ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ወንድ በዚህ ግቢ አይጠፋም።

ለንጣፉ ንጽሕና ሌት ተቀን በመጨነቅ፣ በተላጠ ክርኑ ወረቀቱን ደግፎ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣ የማስጠንቀቂያዎችዎ ሁሉ ታማኝ ተቀባይ፣

የአዋላጇ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሌላ አምፖል ገዝቼ ባለፈው እሑድ ቀይሬዋለሁ። እርስዎና እትዬ እህትዎን ልትጠይቁ በሄዳችሁበት ሰዓት፣ ባለ ጣሪያው የእርስዎ ማቆሚያ ባዶ ስለነበረ፣ መኪናዬን እዚያ አስገብቼ ኮፈኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ዘበኛችን ሮጦ መጣ፤ ቦታው የማን እንደሆነ ሲያይ ግን እርስዎ ፈቅደውልኝ መስሎት ፊሽካውን ኪሱ ከተተና ካቻቢቴ አቀበለኝ፤ እንዳይቆጡት አደራ። ባለቤቴ አሁን በሁለት መብራት ትሄዳለች። እርስዎ ራስዎ ያረቀቁት አንቀጽ ዘጠኝ «በማቆሚያ ቦታው ላይ ለተፈጸመ ጥፋት ሁሉ ተጠያቂው የቦታው ባለቤት ነው» ስለሚል፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን በስምዎ አዘጋጅቼ በበርዎ ሥር አሾልኬዋለሁ። በሰጪም በተቀባይም በኩል የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።