ኮቱ ያንተ አይደለም

ሓጎሴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር አልኩና አፌ ተያዘ። አንተ ያለህበት ክረምት ይኑር አይኑር አላውቅም። እኛ ጋ ግን ካንተ በኋላ አንዱ አልፎ ሌላው እየዳመነ ነው፤ ሙት ዓመትህ ደረሰ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። አፍሬ ነው። አሁንም በወረቀት ስነግርህ እንኳ ፊቴ ይግላል።

በቤቱ ወሬ ልጀምር። አከራያችን አደይ ለተብርሃን የግቢውን በር ሰማያዊ ቀለም አስቀቡት። ብታይ ትናደድ ነበር፤ አንተ የምትወደው ዝገቱን ነበር፣ ስንት ጊዜ ፎቶ አነሳኸው። ሹራብህ ከበሩ ኋላ እንደተንጠለጠለ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ጓደኞችህ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፤ የስፌት መኪና እምቢ ባላቸው ቁጥር አሁንም ያንተን ስም እንደሚጠሩ ነገሩኝ።

ካሜራህ እኔ ጋ ናት። ያቺ የሲጋራ ፓኮ የምታክለው፣ ስትከፈት አፍንጫዋን ዚዝ አድርጋ የምታወጣው። በአንዱ ኪስህ ካቻቢቴ፣ በሌላው እሷ። ሰው ካሜራ የሚያወጣው ለሰርግና ለክርስትና ነው፤ አንተ ግን ባጃጅ ጎማ ሲቀይር፣ ድመቷ ጫማህ ላይ ስትተኛ፣ እኔ ልብስ ሳሰጣ ታወጣታለህ። “ጽንሒ፣ እንዳትንቀሳቀሺ!” ትለኛለህ፤ ቆዪ ማለትህ ነው በትግርኛህ። እኔ ደግሞ፣ አንተ ሰውዬ የሰው መሳቂያ አታድርገኝ እልሃለሁ። ሓወልቲ፣ ሰው በሚተራመስበት መንገድ ላይ ስታነሳማ የማላውቅህ መስዬ ቀድሜህ እሄድ ነበር። በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ፣ መብራት በጠፋበት፣ የቀረችውን ባትሪ ለቁም ነገር አስቀምጣት ብልህ የተሰነጠቀ ተረከዜን አነሳህባት። እንዴት እንደተቆጣሁህ! ዛሬ ሳያት ያቺ ተረከዝ የንግሥት ትመስላለች።

ያረፍክ ቀን ድንኳኑ ገና ሳይቆም ታላቅ ወንድምህ ግደይ መጣና ሐዘንተኛው ፊት የሚቆም ፎቶ ስጪኝ አለኝ። ካሜራህን ከፈትን። እኔ አለሁ፤ እጄ አለ፣ ጀርባዬ አለ፣ ተኝቼ አለሁ። ድመቷ አለች። የአደይ ለተብርሃን ዶሮዎች ሳይቀሩ አሉ። አንተ የለህም። ግደይ ካሜራዋን መዳፌ ላይ መለሰልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ የመታወቂያህን ፎቶ ይዞ ወጣ።

ከፎቶ ቤት ሲመለስ አንተን በትልቅ ፍሬም ይዞህ መጣ። ጥቁር ኮት፣ ቀይ ከረባት። በኮምፒውተር አልብሰውህ፣ ፊትህን አቅልተው፣ ቅንድብህ ላይ ያለችውን ጠባሳ ጠርገው አጥፍተዋታል። በሰርጋችን ቀን፣ ይሄ ነገር አንቆ ሊገድለኝ ነው ብለህ ከረባትህን ድግሱ ሳያልቅ ያወለቅክ ሰው! መቼም እንደምታውቀው ሟችን ማሳመር ክብር ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሲያምርበት እያለ አለቀሰ። እኔም ለዚያ ከረባት አለቀስኩለት። ከዚያ ሳሎን ሰቀልኩት። ባሌን ቀብሬ የማላውቀውን ሹም ቤቴ አስገባሁ።

አቦይ ካሕሳይን ታስታውሳቸዋለህ፣ ከኛ በታች ያሉትን አናጢ? በቅርቡ አረፉ፤ ነፍስ ይማር። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ቀና ብል ፎቷቸው ቆሟል። ጥቁር ኮት፣ ቀይ ከረባት። ያው ኮት፣ ሓጎሴ! በግራ በኩል ያለችው የኮሌታው እጥፋት እንኳ ያችው ናት። ዕድሜ ልካቸውን ከጋቢ ሌላ ትከሻቸው ላይ ያላየነው ሰውዬ! ሳቄ መጣ። እዋይ፣ በለቅሶ ቤት! ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩት፤ ትከሻዬ ግን መንቀጥቀጡን አልተው አለ። ሴቶቹ ላንተ የማለቅስ መስሏቸው፣ አይዞሽ እያሉ፣ እርስ በርስም የሷ ሐዘን ገና አልወጣላትም እየተባባሉ ደገፉኝ። ውሃ አመጡልኝ፤ ጠጣሁት። ምን ላድርግ?

ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ሳይህ ሳቁ ጠፋ። ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ እንባዬን ያፈሰስኩት ለሰፈሩ ሟች ሁሉ በሚዳረስ ኮት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

አሁን ደግሞ ግደይ ያንኑ ፎቶ ለሙት ዓመትህ በሚቆመው የመቃብር ድንጋይ ላይ ላስቀርጸው አለ። ድንጋይ ላይ ከገባ እንግዲህ ማን ያወጣዋል? ጨነቀኝ። ካሜራህን ቻርጅ አድርጌ ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ማየት ያዝኩ። ያኔ በጥድፊያ ያለፍናትን አንዲት አገኘሁ።

እኔው ያነሳኋት ናት። ሊጥ እያቦካሁ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ አንቺ አንሺኝ ብለህ የለመንከኝ ጊዜ። ፊቴን ሳላዞር በአንድ ጣቴ ተጫንኩልህ። ሹራብህ አለ፣ የጎደለችው ቁልፍ አለች፣ የሻይ ብርጭቆህ አለ። ያልተላጨው አገጭህና ፍንጭት ጥርስህ አለ፤ እየሳቅክብኝ ነው። ከአፍንጫህ በላይ ግን የለህም። ቆርጬሃለሁ። ስንት ዘመን ሙሉ አድርጎ ያነሳኝን ሰው እኔ አንድ ጊዜ አንስቼ ግማሽ አደረግኩት። አንተ ደግሞ ደብዛዛ ሆነ ብለህ ስንቱን ስታጠፋ ይቺን አላጠፋሃትም። እንዲህ ያለ ውርደት አይቼ አላውቅም፤ እንዲህ የተወደድኩበትም ጊዜ የለም።

ግደይን ጠርቼ አሳየሁት። በግማሽ ፊት? ሰው ምን ይላል? አለኝ። ታውቀኛለህ፣ ሰው ምን ይላል እያልኩ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ግን ኮቱ የሱ አይደለም፣ የአቦይ ካሕሳይም ነው አልኩት። ካሜራዋን ከእጄ ወስዶ ብዙ አያት። ከዚያ፣ ጥርሱስ የራሱ ነው አለና ወደ በሩ ዞረ፤ በክንዱ ዐይኑን ሲጠርግ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ድንጋይህ ላይ ስምህ ብቻ ይጻፋል። ባለ ከረባቱን ግደይ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደው። ሳሎን ያለኸው ግማሹ አንተ ነህ። እንግዳ ሁሉ ገባ ሲል የቀረውን ፍለጋ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። አደይ ለተብርሃን፣ ፍሬሙ ጠበበ እንዴ ልጄ ብለው ጠየቁኝ። አልጠበበም አደይ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት አልኳቸው። ፊቴ ጋለ፤ ቢሆንም ዋሽቼ ከመቀመጥ ቀለለኝ።

ከአፍንጫህ በላይ ያለውን ለኔ ተወው። ጠባሳዋ ቀኝ ቅንድብህ ላይ ናት። ስትስቅ ግራ ዐይንህ ቀድሞ ይጨፈናል። ግንባርህ ላይ ሁልጊዜ የማይለቅ የስፌት መኪና ዘይት አለ፣ ጥረጊልኝ እያልክ ዝቅ የምትልልኝ። ፎቶው ያጎደለውን ሁሉ እኔ እስክመጣ ሳልጥል እይዘዋለሁ።

ጽናሕ ሓጎሴ፣ እንዳትንቀሳቀስ።

ወሎዬዋ ሚስትህ