ከግርጌ የተረፈው ቦታ

ድንበር ለምትጠብቀው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔና እናትህ፣ ከእኔ ወገብ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለአገር የወደቁትን የሰፈራችንን ልጆች ስም ድንጋይ ላይ ቀርጬ ጨረስኩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጸሎት ተደርጎ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይቆማል። ከግርጌው የአንድ ስም ቦታ ተርፎ ነበር። ቄሱ «ምን ይታወቃል፣ ባዶውን ይቆይ» አሉኝ። በማግስቱ ማልጄ ሄጄ መርፌ መጣያ እስኪጠፋ ድረስ በወይን ሐረግ ሞላሁት።

«ምነው፣ ይቆይ ብዬህ አልነበር?»

«ሐረግ ያምርበታል ብዬ ነው፣ አባ።»

ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩና «አሜን» አሉ።

ለቤታችን ደጃፍ አዲስ የደረጃ ድንጋይ ጠርቤያለሁ። ጎረቤቶች እናንሳልህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ያንተን ትከሻ ይጠብቃል። እናትህ በየቀኑ እየተደናቀፈችበት ትመርቅሃለች።

የማያንቀላፋው ይጠብቅህ።

አባትህ፣ ድንጋይ ጠራቢው