የወለተ ኢየሱስ ጉጉት

ኅዳር 4 ቀን 1958፣ ብቸና

የስምንተኛዎችን የታሪክ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ከዚያ የምሰበስባቸውን የጥንት ግሪክ የብር ሳንቲሞች አወጣሁ… ሁለት ናቸው። አንዱ ላይ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ሌላው ላይ የአንበሳ ቆዳ የለበሰ ሄርኩለስ። አቴና ያለችበት ግን የለኝም። ባንድ ፊት የጦር ቁር የደፋችው አምላካቸው፣ በጀርባው ጉጉቷ። ሞጣ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ባዘዘው እንዲህ ያለ ብር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ባልቴት አይቻለሁ አለኝ። እውነት ይሆን?

ኅዳር 11፣ ሞጣ

እውነት ነው። እማማ ወለተ ኢየሱስ ይባላሉ። ሟች ባላቸው ሲራራ ነጋዴ ሳሉ ከምጽዋ ያመጡላቸው ነው። ለመንኳቸው፤ የባሌ ማስታወሻ ነው አሉ። በምትኩ ያመጣሁትን የብር መስቀል አሳየኋቸው። አልፈለጉም።

ያኔ ነው ያልኩት።

"እማማ፣ ይቺ እኮ ጉጉት ናት። የጣዖት ናት። ያሰራት ሰው ቤት ሞት አይጠፋም።"

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ብሯን ሰጡኝ፤ መስቀሉን አልነኩም።

ኅዳር 12

ብቸና ገባሁ። ብሯ እንዴት ታምራለች… አያታለሁ፣ አስቀምጣታለሁ፣ ደግሞ አያታለሁ።

ኅዳር 20

ባዘዘው መጣ። እማማ ወለተ ኢየሱስ እህል ትተዋል። አንዲት ልጃቸው ባንቺዓለም አምና ንዳድ ሲይዛት፣ ይጠብቃት ብለው ያቺን ብር አንገቷ ላይ አስረውላት ነበር ለካ፤ ልጅቷ ግን አልተረፈችም። "ልጄን በእጄ ገደልኳት" ይላሉ አሉ።

ምን ብለሃቸው ነው ቢለኝ፣ እንጃ አልኩት። ለሱም ዋሸሁ።

ኅዳር 21

ክፍል ገብቼ ልጆቹን ራሳቸው እንዲያነቡ አዘዝኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 25፣ ሞጣ

ሄድኩ። ባዘዘው አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉጉቷ ለግሪኮች የጥበብ ወፍ እንደሆነች፣ አቴና ከአባቷ ራስ ተወለደች የሚሉት ተረት እንደሆነ፣ ልጃቸውን የገደላት ንዳዱ ብቻ እንደሆነ። ብሯን ፈልጌ እንደዋሸሁ። ብሯን መለስኩላቸው።

እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ… ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

"ለኔ ብቻ አይደለም" አሉ። "እሷም ትስማው።"

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መቃብሯ ፊት አቆሙኝ። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ቆሞ ያያል። ድምፄን ዝቅ ባደርግ፣ "አልሰማችህም" አሉኝ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከነውሸቴ፣ ከነስሜ።

ከዚያ መቃብሩ ራስጌ ቁጭ አሉ። ባዘዘው ዳቦ ቆርሶ ሰጣቸው። እሳቸውም በሉ። ከያዙት ቆርሰው ለኔም ዘረጉልኝ… ተቀበልኩ።