የተርኪያ ቦታና ባዶዋ ጠርሙስ

ለክቡር ሲ ፈውዚ፣
የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ ሆድዎ ጤና፣ እንደምን ሰንብተዋል እንላለን። እኛ በራስ ለምለህ መንደር ከባሕሩ ጭቃ የሚበላ ዛጎል የምንለቅም ሴቶች፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ እግራችን ከጭቃ ወጥቶ፣ ማጭዳችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እንደ ባለጸጋ ሚስት ቤታችን ተቀምጠን ደኅና ነን። ለዚህ ዕረፍት ያበቁን እርስዎ ስለሆኑ፣ በአደባባይ ካላመሰገንን ውለታ በላ እንዳንባል ፈራን። ጸሐፊዋ እኔ ሞንጂያ ነኝ፤ ሌሎቹ ግን ከጎኔ ተኮልኩለው «ይኼንንም ጨምሪበት» እያሉ ስለሚያጣድፉኝ፣ ቃሉ ከረር ካለብዎት ጥፋቱ የሁላችንም ነው።

አምና ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ጫማዎን አውልቀው፣ ሱሪዎን እስከ ጉልበትዎ ሰብስበው፣ ጭቃው ድረስ መጥተውልን እንደነበር አይዘነጉትም። «እናንተ የባሕሩ ዓይን ናችሁ። ውሃውን እናንተ ለኩልኝ፣ የፋብሪካውን የፍሳሽ ቱቦ እኔ አስዘጋዋለሁ» አሉን። ጎረቤቴ መብሩካ፣ ምላሷ አርፎ አያውቅም፣ «ዓይን ከሆንንማ ኩሉን ማን ሊገዛልን ነው?» ብላ አሳቀችን፤ እርስዎም ከልብዎ ሳቁ። እኛም አመንንዎት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ያን ዕለት ያስታወሰን አልነበረም።

ቅሬታ ብለን ለመጥራት የምናፍርባቸውን ጥቃቅን ነገሮች በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በእኛ ዘንድ ሴት ዛጎል የምትለቅምበትን ቦታ ለምራቷ እንኳ አታሳይም። ቦታው ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ በሰው ቦታ መቆፈር ሰው ጓዳ ገብቶ ድስት እንደመክፈት ነው። ለጥናቱ ይጠቅማል ስላሉን ግን ጓዳችንን ከፍተን እያንዳንዱን ቦታ አሳየንዎት። ብርዱን ሙሉ፣ ጣታችን እስኪደነዝዝ፣ በየቦታችን ጠርሙስ ሞላን፤ ዛጎሉንም ከበረዶ ጋር አሽገን ለላቦራቶሪ ላክን። በመጨረሻ ካርታው ሲወጣ ያሳየንዎት ቦታ ሁሉ ቀይ ተቀብቶ፣ በዳርቻው «መልቀም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ከሥሩ «በነዋሪዎች ተሳትፎ የተጠና» ተብሎ ተጽፏል። የታሰርንበትን ገመድ ማን እንዳቀበለ ሳይዘነጉ ስላመሰገኑን፣ እኛም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ በዚያ ሁሉ ሪፖርት ውስጥ ቱቦው የለም። የት ገባ ብለን ቢሮዎ ድረስ ብንመጣ፣ ጸሐፊዎ «በቱቦው አፍ ናሙና አልተወሰደም፤ ያልተለካ ነገር አይከሰስም» አሉን። እውነታቸውን ነው፣ አልተወሰደም። በቱቦው አፍ ያለው ቦታ ሁላችን «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ የምንላት የተርኪያ ነው። ተርኪያ ልኬቱን ልንጀምር ጥቂት ሲቀረን አረፈች፤ የሞተች ሴት ቦታ ደግሞ ሙት ዓመቷ ወጥቶ ልጇ በገዛ እጇ እስክትከፍተው ማንም እግሩን አያሳርፍበትም። ይህንን እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ አስረዳንዎት። ልጇ ኦልፋ ዕንባዋን እየጠረገች፣ «ሲ ፈውዚ፣ የግድ ከሆነ ሐዘኔን አቋርጬ ልግባበት» አለችዎት። እርስዎ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ «የለም ልጄ፣ ወጋችሁ ወጌ ነው። የእሷን ጠርሙስ እኔ ራሴ እሞላዋለሁ» አሉ። ምን ያለ ሰው አክባሪ ነው ብለን እስኪወጡ ድረስ መረቅንዎት። ጠርሙሷ የተርኪያ ስም ተለጥፎባት እኔ መስኮት ላይ ባዶዋን ከረመች።

ኦልፋ የጸሐፊዎን መልስ ስትሰማ ያቺን ጠርሙስ ከመስኮቴ አንስታ ወጣች። የሙት ዓመቱን ሳትጠብቅ፣ ብቻዋን፣ የእናቷ ቦታ ገባች። ሌሎቻችን ከዳር ቆመን አየናት፤ የሚያለቅስም ነበር። የሞላችውን ጠርሙስ በበነጋው በአውቶቡስ ይዛልዎት ብትመጣ፣ «የጥናቱ ጊዜ አልፏል» ተብላ ከበር ተመለሰች። ወጓንም አፈረሰች፣ ቱቦውም እንደ ልቡ ይፈሳል። ሐዘናችንን ለፋብሪካው መሸሸጊያ ማድረግ ለሌላ ሰው ከባድ ይሆን ነበር፤ ለእርስዎ ግን እንደቀለለዎት እናያለን።

ሦስተኛ፤ ሰሌዳው ከመተከሉ በፊት በግብዣ መሐል ያደሉን «የባሕር ጠባቂ» የሚል የምስክር ወረቀት። መብሩካ የእሷን ከምድጃው በላይ ሰቅላዋለች። «ልጆቹ ራበን ሲሉኝ ወደ እሱ እጠቁማለሁ፣ ዝም ይላሉ» ትላለች።

አራተኛም አምስተኛም አለ፤ ሴቶቹ አሁንም እየጎተጎቱኝ ነው፤ ግን ጊዜዎን እንዳንሻማ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። ዛጎሉ ተመርዞ ከሆነ መከልከሉ ልክ ነው፤ መርዝ ለቅመን ለሰው አንሸጥም። መራዡን ትተው የተመረዙትን ማሰርዎ ነው ያንገበገበን። ስለዚህ የምንለምንዎት እንደ አምናው ጫማዎን አውልቀው፣ ሱሪዎን ሰብስበው፣ ከኦልፋ ጋር በቱቦው አፍ እንዲቆሙና አንዲት ጠርሙስ እንዲሞሉ ነው። መንገዱን ያውቁታል፤ ያሳየንዎት እኛው ነን።

ዕድሜና ሹመት እየተመኘን፣ ጓዳችንን ከፍተን ካሳየንዎት በኋላ በሩን መዝጋት ያልቻልን፣ እስከ ዛሬም ስምዎ ሲነሳ የአክብሮቱን «ሲ» ማለት ያልተውን፣

ሞንጂያ፣
ስለ ራስ ለምለህ ዛጎል ለቃሚ ሴቶች

ሳንረሳው፤ የምስክር ወረቀቱን ባደሉን ቀን፣ ከየቦታችን ምርጡን ለቅመን ኩስኩስ በዛጎል ሠርተንልዎት ነበር። እርስዎ ኩስኩሱን በልተው ዛጎሉን አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ ጥግ ገፉት። «ሆዴን ትንሽ አሞኛል» ስላሉን መብሩካ ሮጣ ጦስኝ አፈላችልዎት። የላቦራቶሪው ውጤት እጅዎ የገባው ከዚያ ግብዣ በፊት እንደሆነ ያወቅነው በቅርቡ ነው። ከእንግዳ የተረፈ በረከት ነው ብለን፣ እርስዎ የተዉትን ዛጎል ያኔውኑ ለልጆቻችን አካፈልነው። እርስዎም ጦስኝዎን እየጠጡ ሲበሉ ያዩዋቸው ነበር።