አባዬ፣ ዱላውን ለጋሼ ሙላት ለምን እንዳልሰጠሁ

አባዬ፣

ያለህበት ቦታ «እንደምን አለህ» ተብሎ ይጠየቅ እንደሆነ አላውቅም። የንስሐ አባታችንን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ እስከ ማታ እንደሚያስተምሩኝ ሳውቅ ተውኩት። ከተለየኸን ጥምቀት ሲያልፍ ዓመት ይሞላል። እማዬ ለሙት ዓመትህ ጌሾ ማስወቀጥ ጀምራለች። እኔ ግን እስከዚያ መጠበቅ አልቻልኩም። በማርቆስ ከተማ ስሜ ጠፍቷል፤ ከሌላ ከምትሰማው ከራሴ ስማው።

ቤቱ እንደነበረ ነው፣ ድምፁ ብቻ ቀነሰ። ሬዲዮህ አሁን የሚያወራው ዜና ብቻ ነው፤ ዘፈን ሲጀምር እማዬ ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ጥቁሯን አላወለቀችም። እኔ ሮጥ ብዬ ከገባሁ እጇን ደረቴ ላይ ታስቀምጥና ታዳምጣለች። የመሥሪያ ቤቱን መኪና የሚነዳው አዲሱ ሾፌር ደህና ልጅ ነው፤ በራችን ጋ ሲደርስ ግን እንዳንተ ጥሩንባ አይነፋም። እሱ ምን ያድርግ።

ዘንድሮም የመሥሪያ ቤቶቹ ዱላ ቅብብል ከሉማሜ እስከ ማርቆስ ነበር። ያንተን ቦታ ማን ይሩጥ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አዩ አሉ። ዓመትህ ሳይወጣ ቦታህን መያዝ ነውር ሆነባቸው። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ፀሐይና የግምጃ ቤቱ ጋሼ ሙላት ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ተሰልፈው ቆሙ። እማዬ ለማን ሊያጩብኝ ነው ብላ ፊቷ ልውጥ አለ! እኔም ለማምለጥ የጓሮውን በር እያየሁ ነበር። ለካ «የሱ ቦታ የልጁ ነው» ሊሉ ነው።  በማግስቱ ሸራ ጫማዬ በእማዬ እጅ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት።

አምና ትዝ ይልሃል? ሥራ አስኪያጁ ዱላውን እንደያዙ የነፍስ አባታቸውን መንገድ ላይ አገኙና መስቀል ሊሳለሙ ቆሙ። መሳለሙ ይሁን፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደህንነት መጠየቅ ምን አመጣው? ባንኮቹ አለፉን፣ መምህራኑ አለፉን፤ አንተ ከወዲያ «ጌታዬ፣ ለጤፉ በኋላ እንጠይቅለታለን!» እያልክ ትጮሃለህ። ወይዘሮ ፀሐይም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲሮጡ ለቅሶ ሊደርሱ የሚጣደፉ ነበር የሚመስሉት። ቤት ስንመለስ ትንፋሽ አጥሮህ በራችን ደረጃ ላይ ቁጭ አልክና «እዚህ ላይ ደረጃ ማን ጨመረ?» አልክ። ሳቅን። ብዙም ሳይቆይ ቀበርንህ። ቀልድ እንዳልነበረ ያኔ ማን አወቀ።

ዘንድሮም የመጨረሻውን የሚሮጡት ጋሼ ሙላት ነበሩ፤ ከእኔ ተቀብለው ከተማ ይገባሉ ተባለ። አንድ ቀን ለልምምድ መሥሪያ ቤታችሁ ስሄድ፣ ወደ ግምጃ ቤቱ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ግድግዳውን ደግፈው ቆመው አየኋቸው። ሲያዩኝ ግድግዳውን በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር፤ «ይሄ ቀለም ተላልጦ የለም እንዴ!» ይላሉ። ድምፃቸው ግን የሚወጣው እየተቆራረጠ ነው። አባዬ፣ ያ የበራችን ደረጃ ትዝ አለኝ።

ዝም አላልኩም። ለራሳቸው ነገርኳቸው። «ጾም ነው ልጄ፣ ጾም ሥጋን ያደክማል» ብለው ወደ ግእዙ ገቡ፤ ግእዝ ከጀመሩ መሸሻቸው እንደሆነ ታውቃለህ። ለወይዘሮ ፀሐይ ነገርኳቸው፤ «ትልቅን ሰው ታመሃል ይባላል እንዴ? ራሳቸው ይናገሩ እንጂ» አሉኝ። ለእማዬ ስነግራት «አፍሽን በበጎ ክፈቺ!» ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች። ሥራ አስኪያጁማ «ሞራላቸውን እንዳትነኪ» አሉኝ። በዚህ ከተማ ትልቅ ሰው መቅበር ይቻላል፤ «አይሩጡ» ማለት ግን አይቻልም።

በውድድሩ ቀን ዱላውን ከወይዘሮ ፀሐይ ተቀበልኩ። ዱላ የምልህ የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ራሳቸው ጋሼ ሙላት አስቆርጠው አረንጓዴ የቀቡት። ባንተ መንገድ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ «የአባቷን ነፍስ እያሰበች ነው» ይል ነበር። ይቅር በለኝ፣ ስለ አንተ አላሰብኩም። የማስበው ጋሼ ሙላት ዛሬ ባይመጡ፣ ቢያማቸው፣ ሆድ ቁርጠት እንኳ ቢይዛቸው እያልኩ ነበር። በሽታ እመኝላቸዋለሁ፣ ያውም ለደህንነታቸው!

መጥተዋል። ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ቆመዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። አፋቸውን ከፍተው ነው የሚተነፍሱት፣ ገና አንድ እርምጃ ሳይሮጡ።

ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚሰጠው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ። እኔም ዱላውን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ደረቴ ላይ። ጎንበስ አልኩና በእጃቸው ሥር አለፍኩ።

መንገድ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ «እህ!» አለ። አንዲት ሴትዮ «ኧረ ስጫቸው! አንቺ ልጅ፣ ስጫቸው!» እያሉ ከጎኔ ትንሽ ሮጡ፤ እንዲያውም ከወይዘሮ ፀሐይ ይሻላሉ። ከኋላዬ ደግሞ ጋሼ ሙላት «ባለጌ! አባትሽ እንዲህ ነው ያሳደገሽ?» አሉ። ይሄኛው ወገቤን መታኝ። እግሬ ግን አልቆመም። የሳቸውንም ድርሻ ጨርሼ ከተማ ገባሁ። ውጤታችን ተሰረዘ።

ጋሼ ሙላት ሊከተሉኝ ሞክረው ነበር አሉ። ትንሽ እንደተራመዱ ደረታቸውን ይዘው መንገድ ዳር ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ፀሐይ በመኪና ደርሰው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። አሁን መድኃኒት ይውጣሉ፤ ሐኪሙም ሩጫ ከልክሏቸዋል። ቢሮው ግን እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ መድኃኒቱ አይደለም፣ ስለ ባለጌዋ ልጅህ ነው።

እማዬ ጋሼ ሙላት ዘንድ ይዛኝ ሄዳ ጉልበታቸውን ልስም ወደቅኩ። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «አልደግመውም በይ» አሉኝ። እሱን ማለት አቃተኝ። ጉልበታቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። ወደ ሥራ ሲሄዱ ግን የሚያልፉት በእኛ በር ነው። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ። ከዘራቸው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማኛል። ትንሽ ዘግየት ካሉ ደብተሬን ይዤ መውጣት ያቅተኛል፤ ትምህርት ቤት የማረፍደውም ለዚህ ነው፣ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ። አንተን የማስብህ በዚያች ሰዓት ነው፤ እሳቸው በዚህ መንገድ እስካለፉ ድረስ አንተን መርሳት አልችልም፣ ብፈልግም አልችልም።

ዛሬም አለፉ። ሰላም አላሉኝም። ተመስገን።

ልጅህ