በቄሣሩ ቅጥር ውስጥ የሚኖሩት

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሦስተኛ ክ/ጊዜ። ጠመኔ የለም፤ በቃል አስተምራለሁ። ርዕሱ ስፕሊት፣ ዩጎዝላቪያ ያለች የወደብ ከተማ። የጥንቱ የሮማ ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ ለጡረታው ቤተ መንግሥት አሠራባት፤ አራት በር ያለው፣ ቅጥሩ እንደ ምሽግ። ስሙን ስጠራ ክፍሉ አጉረመረመ። ደባርቅ ነዋ! የቄስ ልጆች ናቸው፣ ሰማዕታትን የፈጀው መሆኑን ከስንክሳር ያውቃሉ። ዙፋኑን ትቶ ጎመን ተከለ ብላቸው ሳቁ። ደብተሬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መጨረሻውን ነገርኳቸው። ጎረቤት ከተማ በጠላት ስትፈርስ ስደተኞች ቅጥሩ ውስጥ ገቡ፣ አዳራሹ ውስጥ ቤት ሠሩ። የቄሣሩ መቃብር ቤ/ክ ሆነ። ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ በመስኮቱ ልብስ ያሰጣሉ።

ያለምወርቅ እጇን አወጣች። የተራራው መንደር የጊች ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ዋልያ በሚጠበቅበት ፓርክ ውስጥ ገብስ ያርሳል። ለዋልያው ሲባል ሊነሡ ነው የሚል ወሬ አለ። እነዚያን የቅጥሩን ሰዎች ቅርስ ነውና ውጡ ያላቸው አለ ወይ? አለች። የለም አልኩ። «ታዲያ እኛንስ?»

ፈራሁ። ደወል አዳነኝ፤ በራሴ አፈርኩ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ወሬ እግር አለው። የት/ቤቱ ካድሬ ጓድ ታ. ጠራኝ። ቄሣር ታወድሳለህ፣ ሕዝብ ታነሣሣለህ አለኝ። ዩጎዝላቪያ እኮ ሶሻሊስት ናት አልኩት። ደነገጠ፤ ወዲያው አገገመ። ስለ ስፕሊት ያነበብኩበትን ባለሥዕል መጽሐፌን ወሰደ። ነገ በመምህራን ስብሰባ ግለ ሂስ እንዳነብ አዘዘኝ፦ ተሳስቻለሁ፣ የያለምወርቅ ጥያቄም ፀረ ሕዝብ ነው። እምቢ ካልኩ ሥራዬ ቀረ። ከዚያ የባሰም አለ።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። ቄስ ናቸው፤ ዝም በል ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ያን ከሃዲ ለልጆች ማንሣትህ አልጣመኝም» አሉ። «ልጂቱን አሳልፈህ ከሰጠህ ግን ደጄን አትርገጥ።»

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ጧት

ግለ ሂሱን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ። ጥፋቴ አንድ ነው ይላል፦ ማክሰኞ ተማሪ ጠይቃኝ ፈርቼ አልመለስኩም። ዛሬ እመልሳለሁ። የጊች ሰው ከአባቱ ማሳ የሚነሣበት አንዳች ምክንያት አይታየኝም።

ይግደሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨምርም። በሙሉ ስሜ ፈርሜበታለሁ። የእሷን ስም የትም አልጻፍኩም።

እየጠሩኝ ነው። ሄድኩ።